ነይ ያላላት አባት

አዛውንቱ አናጢ ልጃቸውን ሊያመጡ ወደ ዋና ከተማው በተሳፈሩበት ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ ከማን ጎን እንደሚቀመጡ ግድ አልነበራቸውም። ልባቸው ያለው በመልሱ ጉዞ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ከጎናቸው ማን እንደሚቀመጥ ያውቁታልና። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ለክት ያስቀመጡትን ኮት አውጥተው ለብሰዋል፣ አዲሱ ጫማ ጠቧቸው እያነከሱ እንኳ ፊታቸው ፈገግ እንዳለ ነው።

በመስኮቱ በኩል አንዲት ወጣት ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌው ሻንጣቸውን ከላይ ለማስቀመጥ ሲንጠራሩ አየችና ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው።

«አባቴ፣ እዚህ በመስኮቱ በኩል ይሁኑ፤ አየር ያገኛሉ።»

«ተይ ልጄ፣ ቀድመሽ የያዝሽውን።»

«ግድ የለም፤ እኔ ይህን መንገድ ጠግቤዋለሁ።»

አመስግነው ተቀመጡ። ወጣቷ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ከምትሠራበት የገጠር ጤና ጣቢያ ለሥልጠና ተጠርታ መሄዷ ነው። አውቶቡሱ ከከተማው እንደወጣ ጨዋታ ጀመሩ።

«እርስዎስ ወዴት ነዎት?»

«ሴት ልጄን ላመጣ።»

«ውይ፣ ታማ ነው?»

«ኧረ ጤነኛ ናት! ሥራ ነው የያዛት» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። «የመንግሥት ሥራ። እሱ ደግሞ ከያዘ አይለቅም።»

የምን ሥራ እንደሆነ አልነገሯትም። ሽማግሌው ይህን ከተማሩ ቆይተዋል። የልጃቸው ማንነት በታወቀ ቁጥር አንዱ አማልዱኝ ይላል፣ ሌላው ይሳደባል፣ ሦስተኛው ደግሞ በአሽሙር ይወጋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ለሚተዋወቋቸው ሰዎች ልጃቸው ዝም ብላ «የመንግሥት ሠራተኛ» ናት።

ቤት ውስጥ ግን «ዳኛዬ» ነበር የሚሏት፤ ስሙንም ያወጡላት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ የአባቷ ሥራ ቤት ገብታ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ትቀመጥ ነበር። ደንበኞች የእኔ ይቅደም፣ የእኔ ይቅደም ብለው ሲጨቃጨቁ ዝም ብላ ታዳምጥና፣ «እርስዎ ቀድመው መጥተዋል፤ ግን የእሳቸው አልጋ ነው የተሰበረው። ዛሬ የት ይተኛሉ? የእርስዎ ወንበር ነገ ይድረስ» ትል ነበር። ትልቅ ሰው የሕፃን ፍርድ ሰምቶ ሲያፍርና ሲስቅ፣ አባት ከመላጊያቸው ቀና ብለው በኩራት ያዩዋት ነበር።

ያቺ ልጅ ተምራ ሥራ በያዘች በጥቂት ዓመት ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠች። አባቷ ይህን እንደ ጨዋታ ቆጠሩት፤ አዳሯ ቤቷ ነውና አልከፋቸውም። ቀጥሎ ለክልሉ ምክር ቤት ተመረጠች፤ እዚያም የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊ አደረጓት። ከዚያ ለአገሪቱ ፓርላማ፣ ከፓርላማም ምክትል ሚኒስትር። ሰው እንኳን ደስ ያለዎት ሲላቸው ከንፈራቸው ይስቃል፤ ሆዳቸው ግን አይስቅም። እያንዳንዱ ሹመት ልጃቸውን አንድ ከተማ ያህል እያራቀ ወሰደባቸው።

ቅያሜው የመጣው በእናቷ ሞት ነው። ዳኛዬ መጣች፣ መሬት ላይ ተንከባላ አለቀሰች፤ ሐዘንተኛው ሳይበተን ግን «ፓርላማ እፈለጋለሁ» ብላ ተመልሳ ሄደች። አባት ምንም አልተናገሩም። አለመናገራቸው ግን ከመናገር ባሰ። ከዚያ ወዲህ በስልክ «ደኅና ነህ?» «ደኅና ነኝ» ብቻ ሆነ። ሁለቱም ስልኩን ከዘጉ በኋላ ለየብቻቸው ቁጭ ብለው ምነው ትንሽ ባወራሁት፣ ምነው ትንሽ ባወራኋት ይሉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ደወለችና ከልጅነቷ ወዲህ ባልሰሙት ድምፅ እንዲህ አለቻቸው፤ «አባባ፣ የጤና ሚኒስትር ሁኚ ብለውኛል። መልስ አልሰጠሁም። ደክሞኛል። አንተም ብቻህን ነህ። ነይ በለኝ፤ ሁሉን ትቼ እመጣለሁ። ባሌም እሺ ብሏል፤ መምህር ነው፣ የትም ያስተምራል።»

ሽማግሌው ወዲያው፣ «ይህ በስልክ አይሆንም። ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸው አላረፈም። የጓዳውን መስኮት ላጉ፣ የድሮ ክፍሏን ቀለም ቀቡ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ከራሳቸው ጋር እየተነጋገሩ ሲዘፍኑ ጎረቤት ሰማቸው።

ይህን ሁሉ የምንተርከው ሽማግሌውን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ መናፈቅ ነውር የለበትም። ነገር ግን ናፍቆት አንዳንዴ ሌላ ሐሳብ ከኋላው ደብቆ ይመጣል፤ ሰውም የሚያለቅስበትን እንጂ የተደበቀውን አያየውም። የእሳቸውም እንደዚያ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። የምግብ ቤቱ አጥር ለክልሉ ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሰዎች ፎቶ ተለጣጥፎበታል። ከመካከላቸው አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች፤ አንዱ ሥራ ፈት በከሰል ጢም ሥሎላታል። አዋላጇ መሐረቧን ውሃ ነክራ ጢሙን ትጠርግ ጀመር።

«ታውቂያታለሽ?» አሉ አናጢው።

«አላውቃትም። ጢም እንደሌላት ግን አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ሻይ ቀርቦላቸው ሲቀመጡ ግን ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ቤቷ ብትቀመጥ ማን ጢም ይሥልባት ነበር?» አሉ።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የሣዩ ነው ወይስ የተሣለባት?»

«የሣዩ ነው። ባለጌ ነው። ቢሆንም ልጄ፣ እኔ ሴት አታውቅም ከሚሉት አይደለሁም። ከእኔ የበለጠች ሴት ልጅ አሳድጌያለሁ። የምለው ሌላ ነው። ይህ የምክር ቤት፣ የሹመት ነገር ሰውን ከቤቱ ይነቅላል። ሴት ደግሞ የቤት ምሰሶ ናት። እኔ አናጢ ነኝ፤ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ሌላ ሰፈር የሚተክል ሰው አላየሁም።»

«ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎት። እርስዎ ቤት ሲሠሩ በአንድ ምሰሶ ነው የሚያቆሙት?»

አናጢው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አዩዋት። «አፍ አለሽ አንቺ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አባቴ ስለሆኑ ደፍሬ ነው።»

«ግዴለም፤ ተናገሪ። ግን ስድቡንስ ምን ትይዋለሽ? የሰው ልጅ ስም በየሻይ ቤቱ ሲነሳ? የማውቃት አንዲት ባለሥልጣን አለች። ምስማር ልገዛ ሱቅ ገብቼ፣ ሁለት ጎረምሶች ወንበሩን ያገኘችው እንዲህ ብላ ነው፣ እንዲያ ሆና ነው ሲሉ ሰማሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንዱን አነቅሁት! ገላጋይ ባይኖር ኖሮ እስር ቤት ነበርኩ።»

«እንኳን አነቁት!» አለች አዋላጇ ሳታስበው፤ ወዲያው አፏን ያዘች። «ማለቴ፣ ማነቁ ጥሩ አይደለም። ግን እሷ ወንበሩን ትታ ቤቷ ብትገባ እነዚያ ጎረምሶች ተሸነፍን የሚሉ ይመስልዎታል? አላልናችሁም ነው የሚሉት። በማግስቱ ደግሞ የሌላዋን ስም ያነሳሉ። የሚያነሱት ስም የሚያልቅባቸው ሴቶች ቤት ሲገቡ አይደለም፤ ሴቶች በዝተው ሲለመዱ ነው።»

«እሺ ይሁን። ታዲያ ሴት ገብታ ወንዱ ያልሠራውን ምን ትሠራለች? አስፋልት ያው አስፋልት ነው፣ ሆስፒታል ያው ሆስፒታል ነው።»

አዋላጇ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ያየሁትን ልንገርዎት። የክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ የነበረች ሴት አለች፤ አሁን ከፍ ብላለች፣ ምክትል ሚኒስትር ናት።»

ሽማግሌው ወደ አፋቸው የወሰዱት ሻይ እዚያው ቀረ። አላያቻቸውም፤ ወሬዋን ቀጠለች።

«እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ጠልቻት ነበር። የኛን ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ይዘጋ ብላ ፈረመች። ወላድ አይመጣም፣ አዋላጆቹ ሥራ ፈተው ይውላሉ የሚል ሪፖርት ቀርቦላታል። እኛ የጣቢያው ሠራተኞችና የመንደሩ እናቶች ተሰብስበን ቢሮዋ ድረስ ሄድን። በሩ ላይ ቆመን ጮኽን። ወጣች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጥላ ሥር ሳትሄድ ቆማ ሰማችን። እኔማ የወንበር ሴት ብዬ ሰድቤያታለሁ።»

«ሰደብሻት?» አሉ አናጢው ዓይናቸው ፈጥጦ።

«በደንብ አድርጌ! እሷ ግን ነገ እመጣለሁ አለችና መጣች። መጥታም ከእኛ ጋር ስብሰባ አልተቀመጠችም፤ ሴቶቹን ሰብስባ ለምን እዚህ መጥታችሁ አትወልዱም ስትል ጠየቀቻቸው። አባቴ፣ ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሲመጡ የኖሩት ኃላፊዎች እኛን እንጂ እነሱን አይጠይቁም። ሴቶቹ ዝም አሉ። እሷ ገባት መሰለኝ፣ ወንዶቹን ሁሉ እስቲ ውጭ ቆዩልን አለቻቸው። ያን ጊዜ አንዷ ተነስታ፣ የማዋለጃው ክፍል እኮ በር የለውም አለች። እውነት ነው፤ መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ትይዩው ደግሞ ወንዶች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ነው። አማቴ ፊት እየጮኽኩ ከምወልድ ቤቴ ብሞት ይሻለኛል አለች።»

«በር!» አሉ አናጢው።

«አዎ፣ በር። ስንት ጎብኚ በዚያ መጋረጃ ፊት አልፏል! ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ እዚያ አልጋ ላይ ተኝተው ስለማያውቁ ነው። እሷ ወዲያው ስልኳን አወጣችና ገለል ብላ ለሆነ ሰው ደወለች። ቃሬዛ ተሸክመው የሚገቡበት በር ስፋቱ ምን ያህል ይሁን ስትል ሰማኋት። ከዚያ ነጠላዋን ዘርግታ ግድግዳውን ለካች። በሩ ገባ። ክፍሉ መዘጋቱም ቀረ። ዛሬ አልጋ አይበቃንም።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ያቺን ስልክ ያስታውሷታል። ሚስታቸው በሕይወት ነበሩ። ዳኛዬ ድንገት ደውላ ስለ በር ስትጠይቃቸው ስፋቱን ነግረዋት፣ ወደ ውጭ ይከፈት ብለዋት፣ ስልኩን ዘግተው፣ «ልጅሽ አናጢነት ጀመረች መሰለኝ» ብለው ለሚስታቸው አጉረምርመዋል። ሚስታቸውም ከት ብለው ስቀው ነበር። ያ ሳቅ አሁን ጆሯቸው ውስጥ አስተጋባ።

«በሩ… ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው?» ሲሉ ጠየቁ ቀስ ብለው።

«አዎ! እንዴት አወቁ?»

«አናጢ ነኝ አላልኩሽም?» አሉና ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ አቧራ ገባብኝ አሉ።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋና ተሳፈሩ። ሽማግሌው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም። መንገዱ ወደ ሜዳው እንደወረደ እንደገና ጀመሩ።

«ያቺ ሴት ደግ ሥራ ሠርታለች። እሺ። የኔ ልጅ ግን እናቷ ስትሞት ሐዘንተኛው ሳይበተን ትታኝ ሄዳለች። ለሥራ ብላ! ሰው ሁሉ እዚያው ተቀምጦ፣ እሷ መኪና ውስጥ ገባች። ይህ አይረሳም ልጄ። እኔ ከሥራዋ ጋር የተጣላሁት ያን ቀን ነው።»

አዋላጇ ፊቷ ሐዘን ገባው። «አይፈረድብዎትም። በጣም ይከብዳል። ሌላ ልጅ የለዎትም?»

«አለኝ እንጂ፤ ወንድ። ከባድ መኪና ይነዳል፣ ከድንበር ማዶ።»

«እሱ አብሮዎት ቆየ?»

«የለም፣ እሱማ መንገድ ላይ ነበር። ጭነቱን ትቶ እንዴት ይመጣል? ከወር በኋላ ነው የደረሰው። ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው።»

«ተቀየሙት?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወጣቷም አልገፋቻቸውም፤ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

አናጢው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ፤ የሚያዩት ግን የራሳቸውን ቤት ነበር። ወንድ ልጃቸው የእናቱን መቃብር መጀመሪያ ያየ ዕለት ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ፣ ሥራ ነው» ብለውታል። ልጂቱ ግን ከሬሳው ጋር ያደረች፣ ውሃ የቀዳች፣ ቀባሪውን የተቀበለች ነበረች፤ ለእሷ «ሥራ ነው» ያላት ሰው አልነበረም። አንዱን ሥራ እንጀራ፣ ሌላውን ሥራ ክህደት ያደረገው ምንድን ነው? ብዙ ፈለጉ። ከወንድነትና ከሴትነት በቀር ምንም አላገኙም። ይህ ከናፍቆታቸው ኋላ ተደብቆ የኖረው ሐሳብ ነበር፤ አሁን ወጥቶ ሲያዩት አፈሩበት።

ብዙ መንገድ ሄደው፣ ሽማግሌው እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ፣ «ቢሆንም ልጄ፣ ናፍቃኛለች» አሉ።

ወጣቷ ወደ እሳቸው ዞረች። «ለናፍቆት መልስ የለኝም አባቴ። እኔም ከእናቴ ርቄ ነው የምሠራው። ሴት ባዋለድኩ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች። እናቴ አንድ ጊዜ ነይ ብትለኝ ነገውኑ ጥዬ እሄዳለሁ። ይህን ስለምታውቅ ነው የማትለኝ።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሏት ዝም አለች። አልተኙም ነበር።

ዋና ከተማው ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መናኸሪያው በሰውና በጥሩምባ ድምፅ ተጨናንቋል። በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ነጠላ ተከናንባ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ትፈልጋለች። አናጢውን እንዳየች ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«አባባ!»

አዋላጇ ሻንጣቸውን ይዛ ከኋላቸው ስትወርድ አየቻትና ደርቃ ቀረች። «እርስዎ…! አባቴ፣ እርስዎ እኮ አልነገሩኝም! ሰድቤያታለሁ አልኩዎት እኮ!»

ዳኛዬ ቀና ብላ አየቻት፤ ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «የወንበር ሴት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ድምፅሽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ማዋለጃ ክፍላችሁስ እንዴት ነው?»

«አልጋ… አልጋ አይበቃንም፤ ሌላ ክፍል እንፈልጋለን» አለች ወጣቷ፣ ድንጋጤው ጉዳይዋን ሳያስረሳት።

አናጢው በመካከላቸው ቆመው አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ ያያሉ። ከዚያ ወጣቷን ግንባሯን ስመው መረቋት፤ «እናትሽንም ሰላም በይልኝ» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛዬ መልሷን ለመንግሥት የምታሳውቅበት ቀን ነበር። ቤቷ ውስጥ መጽሐፎቿ በካርቶን ታሽገው በር በሩ ላይ ተደርድረዋል። አናጢው ግን፣ «ከመሄዳችን በፊት የምትሠሪበትን ልየው» አሉ። አብረዋት ሄዱ። እሷ ወደ ቢሮዋ ስትገባ እሳቸው አልገባም ብለው ባለጉዳዮች ከሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የጣሪያው ማራገቢያ ሲዞር ይንቋቋል። ከአጠገባቸው ልጁ ኩላሊቱን የታመመበት አንድ ገበሬ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ነርሶች፣ ከዚያም አንዲት ዓይነ ስውር መምህርት ተቀምጠዋል። ገበሬው ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሲወጣ ግን ኮፍያውን እያስተካከለ፣ «ሰማችኝ! እስከ መጨረሻው ሰማችኝ!» አለ ለማንም ሳይሆን። ጉዳዩ ይለቅለት አይለቅለት ገና አይታወቅም። ሽማግሌው ግን የሰውየውን ፊት ልብ ብለው አዩት። ፍቅፋቂው ላይ የምትቀመጥ ሕፃን፣ አልጋው የተሰበረበትን ሰው ዛሬ የት ይተኛሉ ስትል ታየቻቸው።

ጸሐፊዋ «ቀጣይ!» ስትል አናጢው ተነስተው ገቡ።

«አባባ! አንተ ደግሞ ምን ተራ ትጠብቃለህ?» አለች ዳኛዬ ከወንበሯ ተነስታ።

«ጉዳይ አለኝ» አሉና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። «ነይ ልልሽ ነበር የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ካርቶኖቹን አይተሃል።»

«አልልሽም።»

ዳኛዬ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ደክሞሽ ከሆነ፣ ለራስሽ ማረፍ ፈልገሽ ከሆነ፣ ዛሬውኑ እንሂድ፤ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል፣ ማንም አይከለክልሽም። ለእኔ ብለሽ ከሆነ ግን አይሆንም። ወንድምሽን አንድ ቀን ለእኔ ብለህ መሪውን ልቀቅ ብዬው አላውቅም። አንቺን ግን ሳልናገር በዝምታዬ ስልሽ ኖሬያለሁ። ይህ ግፍ ነው።»

«አባባ፣ ላንተ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔም ናፍቄ ነው። የጣውላው ሽታ ይናፍቀኛል። ሰው ሳይሰድበኝ መዋል ይናፍቀኛል። የእማዬ መቃብር አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳልቸኩል ማልቀስ ይናፍቀኛል።» እንባዋ ወረደ። «ያን ቀን ስሄድ ፊትህን አይቼዋለሁ።»

«ያን ቀን ለምን ነበር የሄድሽው? ጠይቄሽ አላውቅም።»

«ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ተጨማሪ አዋላጅ ይቀጠር፣ አይቀጠር የሚወሰንበት ቀን ነበር። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ከሌለሁ የሚከራከርለት አልነበረም። እማዬ እኔን ስትወልድ ያለ አዋላጅ እንዴት እንደተሰቃየች ታውቃለህ። ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ፈራሁህ። ልክ ይሁን ስህተት እስካሁን አላውቅም።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እጇን ያዙ። አብራቸው እንደተጓዘችው ወጣት ያሉ ብዙ አዋላጆች በማን ውሳኔ እንደተቀጠሩ አሁን ገባቸው። «እኔም ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ባልከሰርን» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንግዲህ ፍርዱ ያንቺ ነው» አሏት።

ዳኛዬ ብዙ አሰበች። ከውጭ የማራገቢያው መንቋቋትና የባለጉዳዮች ማጉረምረም ይሰማል። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ፣ «ልሥራው» አለች።

«ሥሪው» አሉ አባት። ይህን ቃል ሲናገሩ ጓዳው፣ ቀለም የተቀባው ክፍል፣ የመልሱ ጉዞ ሁሉ ከእጃቸው ሲወጣ ተሰማቸው። ቢሆንም ቃላቸውን አልመለሱም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥቅሙ ግማሽ በሆነ ነበር። አናጢው በዚያው ቀን ለወንድ ልጃቸው ደውለው፣ «እህትህ ሥራ አላት፤ አንተም አለህ። አባት ግን የሁለታችሁም ነኝ» አሉት። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ አፈረ፤ ከዚያም አጠር ያለ መስመር ጠይቆ ወር በወር ወደ አባቱ ቤት መምጣት ጀመረ። ወጥ መሥራት ተማረ፤ መጀመሪያ የሠራውን ግን ውሻም አልበላውም እያሉ አባቱ እስካሁን ይስቁበታል። ክረምት ሲገባ ሽማግሌው ዳኛዬ ዘንድ እየሄዱ ይከርማሉ፤ ቅያሜውም በወሬ ብዛት ሟሟ።

ዳኛዬም ሚኒስትር ሆና የምትደነቅበትንም የምትወቀስበትንም ሠራች። የማዋለጃ ክፍል ያለ በርና ያለ ውሃ አይከፈት የሚል ደንብ አወጣች፤ በብዙ ቦታ ተፈጸመ፤ በአንዳንድ ቦታ ገና ይቀራል። በአባቷ ሰፈር ደግሞ ሁለት ሴቶች ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደሩ። አንደኛዋ ተሸነፈች፣ ሁለተኛዋ ገባች፤ ሰፈሩም እንደ ድሮው አልተንሾካሾከባቸውም። እነሆ፣ ሴት ልጅ በአገር ጉዳይ ስትገባ ቤት የሚፈርሰው ሸክሙ ሁሉ በእሷ ላይ ብቻ ሲጣል ነው። ወንድሟም፣ ባሏም፣ አባቷም ትከሻቸውን ሲሰጡ ግን ቤቱም ይቆማል፣ ማንም ያላየውን መጋረጃ የምታይ ሰው ደግሞ አገሩ ያገኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጇ ለክልል ምክር ቤት ልወዳደር ያለቻት ጎረቤታቸው ምክር ፍለጋ መጣች። ሽማግሌው ለአንድ የሰፈር ሙሽራ አልጋ እየላጉ ነበር።

«እርስዎስ እንዴት ቻሉት?» አለቻቸው። «አልናፈቀችዎትም?»

አናጢው መላጊያቸውን አስቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ።

«ናፍቃኛለች እንጂ! ዛሬም ጠዋት ስነሳ ናፍቃኛለች። ድሮ ግን ስናፍቃት ትታኛለች እያልኩ ነበር። አሁን ስናፍቃት ሥራ ላይ ናት እላለሁ። ናፍቆቱ ያው ነው እህቴ፤ ሰው ግን እንዲህ አድርጎ ቢናፍቅ ምሳውን ይበላል።»

ጎረቤቲቱ ሳቀች። ቤቷ ስትደርስ ልጇን ጠርታ፣ «ተወዳደሪ» አለቻት፤ እና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሽ አለቀሰች።